የሃያ ዘጠኙ ዶሮ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ብቻውን የፈሰከ አልፈሰከም» ይል ነበር። በእኛ ጊዜ ታዲያ ይህ ተረት አልነበረም፣ ሕግ ነበር፤ በዓል ሲሆን ጎረቤት ሳይጠራ እጁን ወደ ገበታ የሚሰድ ሰው አልነበረም። እናንተ አሁን በስልክ እንኳን አደረሰህ ትባባላላችሁ፤ ስልክ ግን አያጎርስም። ትሰሙኛላችሁ? አያጎርስም።

እና የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው፣ ሩቅም አይደል፣ ከመንዝ ተነስቼ ጌዴኦ ወረድኩ። ከዲላ አልፎ፣ ወርቃ የሚባል አገር፣ አንድ ቡና ማጠቢያ ዘበኛ ሆኜ ገባሁ። አገሩ ለምለም ነው፣ ሰዉም ደግ ነው። ታኅሣሥ ደግሞ የታጠበው ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚሰጣበት ወር ነው፤ እዚያ አልጋ ላይ የሚተኛው ቡና ነው፣ እኔ መሬት ነበር የምተኛው። ታዲያ ገና ሲደርስ ሠራተኛው በሙሉ ወደየቤቱ ሊሄድ ሻንጣውን አነሣ። እኔ ከቆጠርኩት አንድ ቀን ቀድመው ነው የሄዱት፤ ለመንገዱ ብለው ነው አልኩ። «አባባ፣ እርስዎስ?» አሉኝ። «እኔ ቡናውን እጠብቃለሁ፤ ዶሮዬን ገዝቻለሁ፣ ጾሜን ስጨርስ አርዳለሁ» አልኳቸው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጾም ላይ ቀልድ አላውቅም። ቀኑን ግን አገሬ ሳለሁ የምትይዘው ሚስቴ ነበረች። ቄሱ ያውጃሉ፣ እሷ ሰምታ ትነግረኛለች፣ እኔ እጾማለሁ። ለነገሩ ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ይህን ደግሞ የማያውቅ አለ?

ታዲያ ለሃያ ስምንት አጥቢያ፣ ከማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ ሲያስተጋባ አደረ። በየወሩ ሃያ ስምንት አማኑኤል አይደል? «እዚህ አገር አማኑኤልን እንዴት አድርገው ነው የሚያከብሩት» እያልኩ አደነቅኩ። ጸሎቴንም አደረስኩ።

ረፈድ ሲል በራሶ መጣ። በራሶ ጎረቤቴ ነው፣ ጌዴኦ ነው፣ ቡና ገበሬ፣ ሃይማኖቱ ጴንጤ ነው። እሱ አማርኛ ሲናገር ወንዱም ሴቱም አንድ ነው። «አባባ፣ ና እንጂ፣ በጉ ታርዳለች፣ ጥብሱ ደርሳለች» አለኝ።

«ልጄ፣ ጾም ላይ ነኝ» አልኩት።

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»

ራሱን ነቀነቀና፣ «የኦርቶዶክስ ጾም ረጅም ናት» ብሎ ሄደ። ጴንጤ አይደል፣ በምን ያውቃል ብዬ አለፍኩት።

ከእሱ ቀጥሎ ማን ትመጣለች? ወይዘሮ ዘነበች። ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት የጉራጌ ሴት ናት፤ እሷስ የእኛው ናት፣ ማተቧም አንገቷ ላይ ነው። ሳህን በሳህን ከድና መጣችና ስትገልጠው ዶሮ ወጥ፣ እንቁላሉ ከላይ።

«ጋሼ፣ በዚህ ቀን ብቻዎን ሆነው…»

«ዘነበች፣ ምነው? ማተብ አስረሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ እኮ…»

«ዛሬማ አማኑኤል ነው፣ አውቃለሁ። አማኑኤል ጾም ያስፈታል ያለሽ ማን ነው?»

«ይስሙኝ እንጂ፣ ዘንድሮ…»

«ዘንድሮ የለ አምና የለ፣ ጾም ጾም ነው። ዞር አድርጊልኝ።»

ከዚያ ሳህኗን ከደነችና፣ «እሺ ጋሼ፣ ይጹሙ። በርትተው ይጹሙ» ብላ ተመለሰች። ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል፤ እኔ የቀዘቀዘ ሽሮዬን እየበላሁ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሕዝብ ይቅር በለው» እያልኩ ጸለይኩ። ከልቤ ነው የጸለይኩት፣ አትሳቁ። ሚስቴም እንዳትደውል መብራት ጠፍቶ ስልኬ ሞቷል።

ሌሊቱን ደግሞ ማኅሌት ብጠብቅ፣ ጭጭ። መብራቱ ጠፍቶ ድምፅ ማጉያው አልሠራ ብሏቸው ነው አልኩ።

ሲነጋ ዶሮዬን በስመ አብ ብዬ አረድኩ። ሴት አሥራ ሁለት ብልት ታወጣለች፤ እኔ ስቆራርጠው ስንት እንደወጣው እግዜር ይወቅ። ወጥ ሠራሁ፣ ማለቴ ቀቀልኩት። እና አቅርቤ እጄን ልሰድ ስል አባቴ መጣብኝ፦ «ብቻውን የፈሰከ አልፈሰከም።» ታዲያ ያን ሁሉ ጾሜን በመጨረሻው ላበላሸው? በራሶን ተጣራሁ፤ ማሳ ወርዷል አሉኝ። በገና ማሳ። ወደ ዘነበች ሱቅ አየሁ፤ ተከፍቷል፣ ጨው ትሸጣለች። በገና። እሷን እንዳልጠራ ደግሞ በምን አፌ? መቀመጫ ዱካዬን በሩ ላይ አውጥቼ፣ የሚያልፍ ክርስቲያን መጠበቅ ያዝኩ። ሁሉም ዶማውን ይዞ ያልፋል፤ እንኳን አደረሰህ የሚለኝ አንድ ሰው ጠፋ። እውነቴን ነው፣ ሆዴ ባባ። ለካ የሰው አገር ማለት ይህ ነው፣ ገና እንኳ አያውቅህም አልኩ።

ወጡ ቀዝቅዞ ሳለ አንድ የማላውቀው ሰው መጣ፣ ማተብ ያሰረ፣ የእንሰት ቅጠል የተሸከመ። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ተነስቼ ክንዱን ያዝኩት። «ወንድሜ፣ ስለ ድንግል ማርያም፣ ግባና አብረን እንፈስክ፤ በገና ቀን ብቻዬን አታስበላኝ» አልኩት። ሸክሙን አወረደ። ወጡን አየ፣ እኔን አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን እንደያዘው አሁን ነው የገባኝ። ታዲያ ያለኝን አልጨምርበትም፣ አልቀንስለትም፦

«እንኳን አደረሰዎት አባባ። ዘንድሮ እኮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ገና በሃያ ስምንት ይውላል፣ ትናንት አለፈ። ግድ የለም፣ የእጅ ውሃ ያምጡ።»