ዊልፍ ኦልድሮይድ የደበቁት ደብዳቤ

በየካቲት ወር አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ከጎን እየመታ፣ ከኮሌጃችን በር ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ መጠለያ ሥር ዊልፍ ኦልድሮይድን ቆመው አገኘኋቸው። እኔ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ እሳቸው የግንብ ሥራ መምህር ናቸው። ሃያ ዓመት በአንድ ግቢ ስንውል ከሰላምታ ያለፈ ብዙም አላወራንም፤ እሳቸው ሁልጊዜ የሚሄዱት በመኪናቸው ነበርና። የዚያን ቀን መኪናቸው ጋራዥ ገብታ ነበር።

ዊልፍ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። በቶርንሊ ብሪጅ ከተማ ቀጥ ብሎ የቆመ አጥር ካያችሁ፣ ወይ እሳቸው ገንብተውታል ወይ እሳቸው ያስተማሩት ልጅ ገንብቶታል። በትምህርት ቤት ተስፋ የተቆረጠባቸውን የአስራ ስድስትና የአስራ ሰባት ዓመት ልጆች ተቀብለው የግንበኛ ካዙላ ያስጨብጧቸዋል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ያደርጓቸዋል። ከማንም ጋር አይጣሉም፤ ከማንም ጋርም አይተባበሩም። የመምህራኑ ማኅበር ሲጠራ አይሄዱም፤ አባል ሁኑ ሲባሉ «ሥራ አለብኝ» ይላሉ። እኔ በበኩሌ አባል ነበርኩ፤ ስብሰባ ላይ ግን ታይቼ አላውቅም። ከሁለታችን ማናችን እንደምንብስ አላውቅም።

ገና ስለ አውቶቡሱ መዘግየት እያማረርን ሳለ ሩክሳና ሚር ካርቶን በካፖርቷ ሸፍና እየሮጠች ገባች። ሩክሳና በእንግሊዝኛና በሒሳብ ፈተና የወደቁ ተማሪዎችን ነው የምታስተምረው። ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት ቢሆን ነው። የማኅበራችን ቅርንጫፍ ጸሐፊም ናት።

«ደግሞ ምን ልታስቆሚ ነው ልጄ?» አሏት ዊልፍ፣ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን በራሪ ወረቀት በአገጫቸው እያመለከቱ።

«አውቶቡሱን ነበር» አለች ውሃውን ከፀጉሯ እያራገፈች፤ «እሱ ግን እኔ ሳልነግረው ቆሟል።»

ዊልፍ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ቀጥለው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣

«አንድ የማውቀው ሰው አለ» አሉ። «ከሰው ሀብት ክፍል ደብዳቤ ደርሶታል። ሐሙስ ጠዋት ቅረብ ይላል። ስለ ሥራ ብቃት ጉድለት ነው ይላል።»

ሩክሳና ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ።

«ይህ የሚያውቁት ሰው» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን ያስተምራል?»

ዊልፍ ትንሽ አሰቡ። «ብየዳ።»

«እሺ። ጥፋቱ ምንድን ነው ተባለ?»

«የተማሪዎቹን የዕለት መዝገብ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልሞላም። ሰውዬው ልጆቹን ያስተምራል እንጂ ሳጥን ውስጥ ምልክት ሲያደርግ አይውልም። ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሯል። ከተማሪዎቹ አንዱ እንኳ…» አሉና ተዉት። «ነገርየው እንዲሁ ለወሬ ነው ያነሳሁት።»

«ሐሙስ ከማን ጋር ነው የሚገባው?»

«ከማንም ጋር አይደለም። አፍ አለው እኮ።»

«ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ብቻውን መግባት የለበትም። አንድ ጡብ ብቻውን…»

«ስለ ጡብ እንዳትነግሪኝ!» አሏት ጣታቸውን አንስተው። «የፈለግሽውን ምሳሌ አምጪ፤ ጡቡን ለእኔ ተይልኝ።»

ሦስታችንም ሳቅን፤ የደበቁትም ነገር አብሮ ተገለጠ። የብየዳው መምህር በዚያ ቀን ዳግም አልተነሳም።

«እንግዲያስ ልንገርሽ» አሉ ዊልፍ። «እኔ ማኅበራችሁን የምጠላው ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም። ከዓመታት በፊት እዚሁ ኮሌጅ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ። በዚያው ሳምንት ልጆቼ የሙያ ፈተና ነበራቸው። ፈታኙ አድማ ላይ ስለነበር ፈተናው ተሰረዘ። ከልጆቹ አንዱ ዳሪል ክሌግ ይባላል። የፈተናውን ማስረጃ ይዞ ሊቀጠር ቦታ ተይዞለት ነበር። ሳይፈተን ቀረ፤ ቦታውም ለሌላ ሄደ። የግንብ ሥራ ተወና ጠፋ። እናቱን ገበያ ላይ ሳገኛት እስከ ዛሬ መንገድ እቀይራለሁ። ለዚህ ምን መልስ አለሽ?»

ብዙ የማኅበር ሰዎች ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ እንዳላቸው ስለማውቅ፣ ሩክሳና ምን እንደምትል ጓጉቼ ጠበቅሁ።

«ለዳሪል መልስ የለኝም» አለች። «ፈታኙ ለዚያ ቀን ብቻ እንዲሠራ መፍቀድ ይቻል ነበር። ያንን የሚል ሰው ስብሰባው ላይ አልነበረም ማለት ነው። እርስዎ ቢኖሩ ይሉት አልነበረም?»

ዊልፍ ዓይናቸውን ከመንገዱ ወደ እሷ መለሱ።

«ደግሞ» አለች ቀጥላ፣ «አድማ የሚታየው ጩኸት ስላለው ነው። ባለፈው ዓመት እኔ ምን ሠራሁ? አስራ አንድ ጊዜ ከአንድ የተጨነቀ ሰው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የታመመች ሴት የሥራ ሰዓቷ እንዲቀየርላት ጠየቅሁ። የአናጺ ክፍሉ የአቧራ መምጠጫ ማሽን እስኪጠገን ድረስ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለዚህ ማንም ባንዲራ አይዞለትም።»

«ለሰነፉም ትከራከሩለታላችሁ።»

«ሰነፉም በአግባቡ ይሰማ እላለሁ። አጠገቡ መቀመጥ ልክ ነህ ማለት አይደለም። ሐኪም የታመመውን ሲያክም ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ይጠይቃል?»

«መቼም አባል አይደለሁም» አሉ ዊልፍ። «አሁን ችግር ሲደርስብኝ መጥቼ የአባልነት ቅጽ ስጡኝ ብል እኔው ራሴን እንቀዋለሁ።»

«ደንባችንም አይፈቅድም» አለች ሩክሳና። «ማኅበሩ አባል ከመሆንዎ በፊት የተጀመረ ጉዳይ አይዝም። ሕጉ ግን ማንም ሠራተኛ የሥራ ባልደረባውን ይዞ መግባት ይችላል ይላል። ባልደረባዎ አይደለሁም እንዴ?»

«ለምን ብለሽ? እኔ ለአንቺ ምን አድርጌልሽ አውቃለሁ?»

«ዊልፍ፣ ያስቸግሩኝ ከነበሩት ልጆች ግማሾቹ ሒሳብ የገባቸው እርስዎ ዘንድ የሲሚንቶ ሞልታ ሲመጥኑ ነው። ሐሙስ ስንት ሰዓት?»

አውቶቡሱ መጣ። ዊልፍ ሰዓቱን የነገሯት ደረጃው ላይ እግራቸውን ካሳረፉ በኋላ ነበር፤ እንደ ሚስጥር በሹክሹክታ።

የሐሙሱን ነገር ኋላ ከሁለቱም ሰምቻለሁ፤ ቃላቸውም አንድ ነው። ሰብሳቢዋ ፌኔላ ክራብትሪ የምትባል ኃላፊ ነበረች፤ ክፉ ሴት አይደለችም። የትምህርት መርማሪዎች ሊመጡ ነው ተብሎ ከላይ ተጨንቃ፣ እሷም በበኩሏ ወደ ታች የምታስጨንቅ ሰው ናት። ዊልፍ ብቻቸውን ቢገቡ ኖሮ፣ እንደ ልማዳቸው ተቆጥተው «እንደፈለጋችሁ!» ብለው ይወጡ ነበር። ይህንን የሚሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ሩክሳና ግን በትህትና ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። የመጀመሪያው፣ «ሚስተር ኦልድሮይድ በአዲሱ የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ሥልጠና የወሰዱት መቼ ነው?» የሚል ነበር። ወረቀት ተገላበጠ። ሥልጠናው የተሰጠው ረቡዕ ከሰዓት ነበር፤ በዚያው ሰዓት ዊልፍ አስራ ስምንት ልጆች ይዘው ያስተምሩ ነበር። ማን ይተካቸዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለስንት ሰው ተጽፏል?» የሚል ነበር።

«ስለ ሌሎች ሠራተኞች መናገር አልችልም» አለች ወይዘሮ ክራብትሪ። ይህን ስትል ግን ፊቷ ቀላ። ጉዳዩ ለሁለት ሳምንት እንዲቆይ ተስማሙና ተለያዩ።

ኮሪደሩ ላይ ዊልፍ ቆም አሉ። «ስታን ዋዲንግተን» አሉ። «የብየዳው መምህር። ከወር ወዲህ ከእኛ ጋር ምሳ አይበላም። ሆዱን አሞት ነው ብዬ ነበር።»

«እኔ ልጠይቀው?»

«አይ። አንቺን ይሸሽሻል። እኔ እሄዳለሁ።»

በሕይወታቸው የሰው ጉዳይ ውስጥ ገብተው የማያውቁት ሰው ወደ ብየዳው ክፍል ሄዱ። ስለ ደብዳቤ ሲጠይቁት ስታን የብየዳ መከለያውን ከፊቱ ሳያነሳ «የምን ደብዳቤ?» አላቸው። ዊልፍ የራሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ያን ጊዜ ስታን መከለያውን አወለቀ፤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «እኔ ብቻ መስሎኝ» አለ። «አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ ጭንቅላቴ ደክሟል መሰለኝ ብዬ…»

ከስታን ወደ ቧንቧ ሥራው መምህር፣ ከእሱም ወደ ቀለም ቅቡ መምህር ሄዱ። ደብዳቤ የደረሳቸው ሁሉ ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ የእጅ ሙያ መምህራን ነበሩ። ሁሉም ደብቀውታል። ሁሉም ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ብለው አምነዋል። ለሚስቱ የነገረ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ዘጠነኛዋ የፀጉር ሥራ መምህርቷ ግሌኒስ ዊትዋም ነበረች። ዊልፍ ያገኟት የፀጉር ቀለም በሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል ውስጥ በሯን ዘግታ ነው።

«አንተ ደብዳቤህን ታሳየኛለህ፤ እኔ ግን የማሳይህ ሌላ ነው» አለችና ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ አወጣች። የሥራ መልቀቂያ ነበር። «አርብ ላስገባው ነው። በዚህች ከተማ መቀስ የያዘች ሴት ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የተማረችው፣ ዊልፍ። በውርደት ከምባረር በገዛ እጄ ልውጣ።»

«ግሌኒስ፣ እንደ አንቺ ያለ ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው አንቺን ጨምሮ ዘጠኝ ነው።»

«ዘጠኝ?» አለች። ፖስታውን ይዛ ቆመች። «ዘጠኛችንም በአንድ ወር ውስጥ ሰነፍን ማለት ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።»

ግሌኒስ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ ከዚያም ፖስታውን ለሁለት ቀደደችው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ዘጠኙም በግንብ ሥራው ክፍል ተሰበሰቡ። ወንበር ስላልነበረ በተከመረ ጡብ ላይ ተቀመጡ። እኔም ሄድኩ፤ ሃያ ዓመት አባል ሆኜ የመጀመሪያ ስብሰባዬ መሆኑ ነው። ሩክሳና ልትናገር ስትነሳ ዊልፍ እጃቸውን አነሱ።

«ከሁሉ በፊት» አሉ፣ «ያንን የአባልነት ቅጽ ስጪኝ።»

«የእርስዎን ጉዳይ ማኅበሩ እንደማይዝ ነግሬዎታለሁ።»

«አውቃለሁ። ለእኔ ጉዳይ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን እችላለሁ ስል ነበር፤ እውነትም ችያለሁ። ግሌኒስ ግን እኔ ሳልደርስባት በፊት ቀለም ክፍል ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ እኔ በግድግዳው ማዶ ነበርኩ፤ አልሰማሁም። ራስን መቻል ለካ እንዲህም ያደነቁራል። አንድ ነገር ግን አስመዝግቡልኝ፤ የልጆችን የፈተና ሳምንት የሚነካ ነገር ካለ እኔ እቃወማለሁ።»

«ይመዝገብ» አለች ሩክሳና፤ መዘገበችም።

ዘጠኙ በአንድነት የፈረሙት ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር። ስድብም ዛቻም አልነበረበትም። መዝገቡን ለመሙላት ፈቃደኞች ነን፤ ሥልጠናውን ግን በማናስተምርበት ሰዓት ስጡን፤ ለመዝገቡም በሳምንት ሁለት ሰዓት መድቡልን፤ የብቃት ጉድለት የሚሉትንም ደብዳቤዎች ሰርዙ ይላል። የሚያቀርበው ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ ዊልፍ አዩ። ወይዘሮ ክራብትሪ አንብባ ስትጨርስ፣ «ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም» አለች። ዊልፍም «እውነትሽን ነው፤ ለየብቻችን ተደብቀን ነበር» አሏት። እንደ ሰማሁት እሷም እፎይ አለች። ዘጠኝ ጥሩ መምህራንን አባርራ መርማሪ ፊት መቆም ለእሷም ቀላል አልነበረም።

ከአስር ቀን በኋላ ደብዳቤዎቹ ተሰረዙ፤ ሥልጠናው ሰኞ ጠዋት ሆነ፤ ሁለቱ ሰዓትም ተፈቀደ። አድማ አልተደረገም፤ አንድም ትምህርት አልተስተጓጎለም። መዝገቡም ሲሞላ ጥቅሙ ታየ፤ ከዊልፍ ተማሪዎች አንዱ ሰኞ ሰኞ የሚቀረው እናቱን ሆስፒታል ስለሚያደርስ መሆኑ የታወቀው ከዚያ ነው። ስታን ምሳውን ከሰው ጋር መብላት ጀመረ። ከዘጠኙ ሰባቱ አባል ሆኑ፤ ሁለቱ አልሆኑም፤ ማንም አልተቀየማቸውም።

አንባቢዬ ሆይ፣ እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው። ሠራተኛን የሚጎዳው ሁልጊዜ የአለቃ ክፋት አይደለም። ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ኀፍረቱን በኪሱ ይዞ ብቻውን መዞሩ ነው። ማኅበር ማለት ከሁሉ በፊት «አንተም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው። ደግሞም ማኅበሩ ይሳሳታል የሚል ሰው ካለ፣ ስህተቱን የሚያርመው ገብቶ ሲናገር እንጂ ውጭ ቆሞ ሲያማ አይደለም። እኔ ደግሞ ውስጥ ሆኜ ዝም በማለቴ ከሁለቱም ሳልሆን መቅረቴ አሁን ገብቶኛል።

ዊልፍ ደብዳቤው የተሰረዘ ዕለት ወደ ቤት ሄደው ለባለቤታቸው ለዶሪን ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወቷት። እሷ እራት እያቀረበች አንድም ጊዜ ሳታቋርጥ ሰማቻቸው።

«አልደነገጥሽም?» አሏት።

«ያንን ደብዳቤ ሱሪህን ሳጥብ ካገኘሁት አንድ ወር አለፈው» አለች ዶሪን። «አድርቄ ኪስህ መለስኩት። መቼ ይሆን የሚነግረኝ እያልኩ ስጠብቅ ነበር።»

ዊልፍ ይህን ሲያጫውቱኝ ሳቅ እያፈናቸው ነበር። «ምን አሏት ታዲያ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን እላለሁ? ይቅርታ ጠየቅኋት» አሉ። «እሷ ግን ድንቹን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ‹ለሩክሳና በአንድ ቀን ዝናብ የነገርካትን ለእኔ ለመንገር ሠላሳ አራት ዓመት ትዳር አልበቃህም?› አለችኝ።»