በኮት ገበር ውስጥ ስለተሰፋው ስልክ

ምስክር፦ በሰፈሩ «እማማ ክር» ተብለው የሚጠሩ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለው ስፌት ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 9፡40
ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድና ወይም ጠብ፦ የለም

ቃሌን የምሰጠው የባለቤቴን ኮት ሰርቀሃል ተብሎ ዛሬ ስለተያዘው መኪና አጣቢ ነው። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆን የመርሳት ሕመም አለበት። እየወጣ ስለሚጠፋብኝ ስልኩን ከኮቱ ገበር ውስጥ ከትቼ እሰፋዋለሁ። ማታ ተርትሬ ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ ጠዋት መልሼ እሰፋዋለሁ።

ዛሬ ከጠዋቱ 2፡30 ገደማ የደንበኛ ሱሪ ስለካ ሹልክ ብሎ ወጣ። ብደውል ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። እንዴት ያንሳው፣ እኔው ሰፍቼበት!

የእኔ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ ስለማያውቅ ወደ ጎረቤቴ ወደ መድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ሮጥኩ። እሷም የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን ገጽ በስልኳ ብሮውዘር ከፈተችልኝ። የይለፍ ቃሉን ካስገባን በኋላ ገጹ ማረጋገጫ ቁጥር ጠየቀ። ቁጥሩን የላከው ግን ኮቱ ውስጥ ላለው ስልክ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መዝጋት ማለት ይኸው ነው። ደግነቱ ልጄ ለክፉ ቀን ብላ የጻፈችልኝ መጠባበቂያ ቁጥር ከመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ ተገኘ።

3፡35 ላይ ካርታው ተከፈተ። የሚያሳየው ክብ ግን ገበያውንም መናኸሪያውንም የዋጠ ነበር። ጎረቤቴ ሱቋን ዘግታ አብራኝ ወጣች። ክቡ መሃል ወዳለው ዳቦ ቤት ብንሄድ ማንም የለም፤ ለካስ ገጹ ካልታደሰ አይንቀሳቀስም፣ ያየነውም የቅድሙን ነው። ባደስነው ቁጥር ደግሞ የይለፍ ቃል እንደ አዲስ ይጠይቃል። በሦስተኛው ክቡ ጠበብ ብሎ መኪና ማጠቢያው ላይ ቆመ። በመንገዳችን ያገኘነው ፖሊስም ተከተለን።

4፡50 ላይ ኮቱን በተጠርጣሪው ላይ አየሁት። ስደውል ጀርባው ጮኸ። ባለቤቴ የሌለበትን ኮት ሳይ ኮሌታውን አንቄ ባሌን የት እንዳደረሰው ጠየቅኩት። ለዚህ ድርጊቴ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

እርሱም ባለቤቴ ፈረቃዬ ደርሷል ስላለው መናኸሪያው ስምሪት ክፍል ድረስ እንደወሰደው ነገረን። ፖሊሱ ሄዶ ባለቤቴን እዚያው ተቀምጦ በደህና አገኘው። ስለ ኮቱ ግን አጣቢው ያለው እንዲህ ነው፦

«እናቴ፣ በስብሼ ስንቀጠቀጥ አይተው አውልቀው አለበሱኝ። እምቢ ብላቸው፣ ‹ልበሰው፤ ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሌላ ትሰፋልኛለች› አሉኝ።»

እንደማይዋሽ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሰውየው ከዛሬ በፊት አይቶን አያውቅም፤ ሥራዬን ከባለቤቴ በቀር የሚነግረው አልነበረም። ባለቤቴ ከአራት ወር ወዲህ ማን እንደሆንኩ አያውቅም። «እትዬ» እያለ ይጠራኛል፤ ምግብ ሳቀርብለት «ባለቤትዎ አይቆጡም?» ይለኛል። ጨርሶ የረሳኝ መስሎኝ ነበር። በሰማሁት ደስ ብሎኛል፤ ይህም እንዲጻፍልኝ መርማሪውን ጠይቄያለሁ።

ስለዚህ አጣቢው እንዲለቀቅ፣ ስልኩን ተርትሬ ካወጣሁ በኋላም ኮቱ በኤግዚቢትነት መያዙ ቀርቶ ለእርሱ እንዲመለስለት አመለክታለሁ። ሌላ እንደምሰፋ ባለቤቴ በስሜ ቃል ገብቷል።

ቃሌ ተነቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሐሰት የለበትም ስል ፈርሜያለሁ።

ቃል ሰጪ፦ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ መርማሪ፦ (ፊርማ)