ጓሳ ውስጥ የደበቅነው ጣሳ

አምና በጥቅምት ጓሳ በሚባለው ጥብቅ የሣር ቦታ ውስጥ የደበቅነው ሦስተኛ ጣሳ በሳምንቱ ጠፋ። ጨዋታችን ጣሳ ደብቆ ቦታውን ከደብረ ብርሃን ኢንተርኔት ቤት ማሳወቅ ነው፤ ፈላጊው በጂፒኤስ ያገኘውና ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ይፈርማል። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ በአራት ሰው ማኅበር ጀምረን አሥራ አንድ ደርሰናል። እንደ ፊተኞቹ ሁለት ጣሳዎች ይኼም ጠፍቶ ከቀረ ማኅበሩ መበተኑ ነው። ደክሞኝም ቢሆን ሣሩን ወደሚጠብቁት ወደ ጋሽ ደምሴ ወጣሁ።

«እኔ ነኝ ያነሣሁት» አሉኝ። «ሣሩ ለአጨዳ እስኪከፈት እኮ አይረገጥም።»

«ጋሼ፣ የኛ ሰው ጣሳ እንጂ ሣር አይፈልግም።»

«ማጭድ ይዞ?» ብለው ሳቁ። «የያዝኩት ሁሉ ጣሳ ፍለጋ ነው የመጣሁት ይለኛል።»

ሌቦች በስማችን እየነገዱ ነው ብዬ ተከራክሬ ጣሳውን አስመለስኩ። ሣሩ ሲከፈት የጋሽ ደምሴን የቅጣት መዝገብ አየሁት። ማጭድ ይዘው ከተያዙት አምስት ሰዎች አራቱ አዲሶቹ አባሎቻችን ናቸው።