የኩኩ የነጠላ ቀሚስ

የሰመራው አውቶቡስ ለምሳ አዋሽ ሰባት ኪሎ እንደቆመ ጎማው ተንፍሶ ተገኘና ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ምግብ ቤት ጥላ ሥር ተኮለኮለ። አቶ ሣህሌ የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ኩኩን አቅፈው ጥግ ያዙ። ጡረታ የወጡ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ልጃቸው ፅጌረዳ ሰመራ ተመድባ ከሄደች ወዲህ ሕፃኗን ያሳደጉት እርሳቸው ነበሩ፤ ዛሬ ለእናቷ ሊያስረክቧት ነው። «አባባ ልጄን በወጉ አልያዘልኝም» እንዳትላቸው ፈርተው ለኩኩ ያለ የሌለ ልብሷን ደራርበውላታል። የሚያብረቀርቅ የናይለን ቬሎ፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሥሩ ጥብቅ ያለ የእግር ሹራብ። ንፋስ እንዳይመታትም እስከ አዋሽ ድረስ መስኮት አላስከፈቱም። መቼም በመስኮት ጉዳይ የአገራችን ተሳፋሪ ሁሉ አንድ ልብ ነው፤ ንፋስ ከሚነካው ሙቀት ቢቀቅለው ይመርጣል።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ልጅ ዊዳድ፣ ሰመራ ነርስነት የምትማርና ለእረፍት የመጣች ወጣት፣ ውሃ ይዛላቸው መጣች። ሕፃኗን ስታይ ግን ቆም አለች። የኩኩ ፊት ቀልቷል፣ አንገቷ ሽፍታ ወርሶታል፣ ዐይኗም ፈዟል።

«አባባ፣ አይቆጡኝና ይህቺ ልጅ በጣም ሞቋታል። ይሄን ሁሉ እናውልቅላት።»

«ስላሰብሽላት አመሰግናለሁ ልጄ። ግን እንዲህ በላብ እንደተጠመቀች ንፋስ ካገኛት ብርድ ይመታታል።»

«ንፋሱ ላቧን ቢያደርቅላት ነው። የሚጎዳት መታፈኑ ነው። ናይለን ላብ አይጠጣም፣ አየርም አያሳልፍም፤ ሽፍታውን ያመጣባት እሱ ነው። ከዚህ ወዲያ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። ትንሽ ልጅ ክፉኛ ልትታመም ትችላለች።»

«እና ምን ትልበስ? ሻንጣዋ ውስጥ ያለው ሁሉ የደብረ ብርሃን ልብስ ነው።»

«ሰፋ ያለ የጥጥ ቀሚስ። ጨርቅ ከተገኘ አሁኑኑ በእጄ እሰፋላታለሁ።»

አቶ ሣህሌ ደነገጡ። «የቤት ስፌት ለብሳ እናቷ ፊት? መናኸሪያ የሚቀበሉን የእናቷ ባልደረቦች ጭምር ናቸው! ሰው ምን ይላል?»

«እርስዎ ኮትዎን የት አወለቁ አባባ?»

«መተሐራ ላይ።»

«ታዲያ ሰው ምን አለዎት?»

አቶ ሣህሌ ግን እሺ አላሉም። ዊዳድ የሕፃኗን አንገት በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጋ የሹራቡን ቁልፍ ልትፈታ ስትል ኩኩ በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘችው።

«እምቢ! ይሄን ካልለበስኩ እማዬ አትወደኝም። አባባ ነው ያለኝ።»

እውነትም ብለዋል። ጠዋት አልለብስም ብላ ስታስቸግራቸው ለማባበል የተናገሩት ነበር። ቃሉ እንዲህ ልቧ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ብለው መች አሰቡ? አዛውንቱ እንባቸው መጣ። እኛ ትልልቆቹ የሰው ዐይን ፈርተን የምንለውን ነገር ልጆች እንደ እውነት ይዘውት እንደሚያድጉ ልብ ብንል ኖሮ ስንቱን ነገር በተውነው!

«የኔ እናት፣ እማዬ ምንም ብትለብሺ ትወድሻለች። የተሳሳተው አባባ ነው» አሏትና ትከሻቸው ላይ የነበረውን ነጠላ አውርደው ለዊዳድ ሰጧት። ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ የጥጥ ነጠላ ነበር። «በይ ቁረጪው።»

«ወላሂ ከዚህ የተሻለ አይገኝም!»

ዊዳድ ነጠላውን ለሁለት አጠፈች። የኩኩን ትከሻ በስንዝር ለካችና እንዳያጣብቃት ሰፋ አድርጋ ቆረጠችው። ከእጥፋቱ መሀል የጭንቅላት ማስገቢያ አወጣች፤ ከዚያ ለእጆቿ ክፍት ትታ ጎንና ጎኑን እስከ ታች ሰፋችው፤ አንገቱንም ቀልብሳ ዘመዘመችው። የታችኛው ጫፍ ብቻ ሲቀር የኩኩን ልብስ አውልቃ ቀሚሱን አለበሰቻት፤ ወዲያው ጎማው የተጠገነው አውቶቡስ ጥሩምባ ነፋ።

«መርፌውም ክሩም ይኸው፤ የቀረውን እርስዎ ይጨርሱት።»

«ወንድ ልጅ? አውቶቡስ ውስጥ?»

«የገበያው ልብስ ሰፊ ሁሉ ወንድ አይደለም እንዴ አባባ?»

ሳቁና ተቀበሏት። መንገዱን ሁሉ መስኮቱን ከፍተው፣ ከኋላ «ኧረ ንፋስ!» የሚለውን ተሳፋሪ በትሕትና እያስረዱ፣ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር የቀሚሱን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሰፉ። ኩኩ ጭናቸው ላይ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

ሰመራ ሲደርሱ በእግሯ ሮጣ ነው እናቷ ላይ የተጠመጠመችው። ፅጌረዳ ልጇን እየሳመች አለቀሰች፤ ከባልደረቦቿም ስለ ልብስ ያነሣ አልነበረም። ቤት ገብተው ሲቀመጡ ግን ቀሚሱን እያገላበጠች አየችው።

«አባባ፣ ይሄን ማን ሰፋላት? ጫፉ ተወላግዷል።»

«የተወላገደው የኔ ነው» አሉ ኮራ ብለው። «ግን አንገቷን እይው፣ ሽፍታው መጥፋት ጀምሯል። ጥጥ ላቧን ይጠጣል፣ ሰፊ ስለሆነ አየር ያስገባል፤ ማታ ብታጥቢው ለጠዋት ይደርሳል። በዚያ ላይ እቤት ካለ ጨርቅ ነው፣ ማንም ሊሰፋው ይችላል። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ልጅቷን ላሳምማት ነበር እኮ!»

ፅጌረዳ ተነሥታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ከኩኩ ቬሎ የባሰ የሚያብረቀርቅ፣ ድርቅ ያለ አዲስ ቬሎ ተሰቅሏል።

«እኔ ደግሞ፣ 'ልጅሽን እንዲህ ነው የምትይዢያት?' እንዳትለኝ ብዬ ነው የገዛሁት» አለች አንገቷን ደፍታ።

አባትና ልጅ ተያዩ። መጀመሪያ የሣቁት አቶ ሣህሌ ናቸው።

«በይ፣ አሮጌ ነጠላ ካለሽ ከመቀስ ጋር አምጪልኝ» አሏት። «ቅያሪ ያስፈልጋታል።»