መስኮቱን ዝጊ ያልኳት እኔ ነኝ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ጀማነሽ ተከስተ
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት
አድራሻ፦ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ላንቻ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 11 ቀን 1996 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ምንዳዬ ፍቅሬ

እኔ ከላይ ስሜ የተጻፈው ምስክር፣ ስለተሰበረው የታክሲ መስታወት ተጠይቄ የማውቀውን እንደሚከተለው ተናግሬአለሁ።

ዛሬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከሥራ ወጥቼ ካዛንቺስ ላይ ወደ ቄራ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዝናብ እየጣለ ነበር። የተቀመጥኩት ከሹፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ሲሆን፣ ከጎኔ በመስኮቱ በኩል ተጠርጣሪዋ መምህርት አይናለም ደጉ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በፊት አላውቃትም። ሹፌሩ ከሳሹ አቶ ደጋጋ ነው።

ኡራኤል ሳንደርስ ተጠርጣሪዋ መስኮቱን ከፈተችው። በአዲስ አበባ ታክሲ፣ ያውም በክረምት፣ መስኮት መክፈት ምን እንደሚያስከትል ለኮንስታብሉ ማስረዳት አያሻኝም። «ብርድ ልታስመታን ነው!» ያላለ ተሳፋሪ አልነበረም። ከሁሉ አብልጬ የጮህኩት ግን እኔ ነኝ፤ ከሳሹም ለምስክርነት የመረጠኝ በጩኸቴ ነው። በላይዋ ተንጠራርቼ ዘጋሁት። ከፈተችው። እንደገና ዘጋሁት። በመጨረሻ እሷም እኔም መስታወቱን ይዘን ስንጓተት ከሐዲዱ ወጥቶ አስፋልት ላይ ወደቀና ተሰበረ። ስለዚህ የሰበረችው እሷ ብቻ ናት የሚለው የከሳሹ ቃል ትክክል አይደለም። እኔም እጄ አለበት።

ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ እየተቆጣ ወደ ጣቢያ አመጣን። ተጠርጣሪዋ በዚያ ብርድ ፊቷ ቀልቶ ላቧ በግንባሯ ይወርድ ነበር። ሲፈተሽ ከቦርሳዋ ውስጥ በብልቃጥ ያለ የውጭ አገር እንክብልና ሌላ የታሸገ ክኒን ወጣ። ምንድን ነው ተብላ ስትጠየቅ፣ ወንዶቹን አየት አድርጋ አቀረቀረች። ከሳሹ «ዕፅ ነው፤ እንዲህ ያደረጋት እሱ ነው» አለ። ኮንስታብሉም የመድኃኒቱ ምንነት እስኪጣራ ክኒኑ እንደሚያዝ፣ እሷም እዚሁ እንደምታድር ነገራት።

መስኮቱን ለምን እንደዚያ አጥብቄ እንደዘጋሁ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ አቶ ሊካሳ ወደ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሲያስለው ቆይቶ ከስቶ ሞተ። ዘመድ «ሳንባ ነው» አለ፤ እኔም ሳንባ ነው አልኩ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታዲያ ሌሊት ያልበኛል፣ አንሶላው ይርሳል። ልቤ ያለ ምክንያት ይደልቃል፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ የወር አበባዬ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል። የእኔም ተራ ደረሰ ብዬ ደመደምኩ። ሩሐማ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለችኝ፤ ከእኔ በቀር ማንም የላትም። ብመረመር ፊቴን አይታ የምታውቅብኝ ስለመሰለኝ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ። አንዴ ብርድ መትቶኝ ከተኛሁ አልነሳም እያልኩ ሁለት ሹራብ ደርቤ መስኮት ሳዘጋ ከረምኩ።

ወደ ጣቢያው ነገር ልመለስ፤ የጣቢያው ሳጅን እጸገነት ስትመጣ ወንዶቹን ከክፍሉ አስወጥታ ከተጠርጣሪዋ አጠገብ ተቀመጠች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ንገሪኝ እህቴ» አለቻት። እኔ እዚያው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። «ውጪ» ያለኝ የለም፤ ብባልም አልወጣም ነበር።

አይናለም ቀስ ብላ ተናገረች። ሌሊት ያልበኛል አለች። ክፍል ውስጥ ቆማ ስታስተምር ድንገት ከደረቷ ተነስቶ ወደ ፊቷ የሚወጣ እሳት አለ፤ በታክሲው ውስጥም የመጣባት እሱ ነው። ልቧ ይደልቃል። የወር አበባዋ ተዛብቷል። እሷ ስትናገር እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነበር። የምትናገረው የእኔን ገላ ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መጀመሪያ ከዱባይ የመጣ የአኩሪ አተር እንክብል ከአንዲት ነጋዴ ገዝታ ለወራት ዋጠች፤ ለእሷ አልሠራላትም። በኋላ ሄዳ ያየቻት የማኅፀን ሐኪም ይህ ሴት ከማረጧ በፊት የሚመጣ ነው አለቻት። ግፊቷን ለካች፣ ጡቷን መረመረች፣ በቤተሰብ ካንሰር ወይም የደም መርጋት እንዳለ ጠየቀች፤ ከዚያ በኋላ ነው አሁን የተያዘውን የሆርሞን ክኒን ያዘዘችላት። በየሦስት ወሩ እየመጣሽ ትታዪኛለሽ ብላታለች። ክኒኑን ከጀመረች ገና ሳምንት አልሞላትም። አሁን ይህን ቃሌን ሲመዘግብ፣ እዚህ ቦታ ላይ ኮንስታብል ምንዳዬ «ማረጥ» የሚለውን ትቶ «የሰውነት ሁኔታ» ብሎ ሲጽፍ አየሁ። ሃያ አምስት ዓመት የሰው ቃል ታይፕ አድርጌአለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አያልፈኝም። «አስተካክለው ልጄ፣ እናትህም አልፋበታለች» አልኩት። አስተካከለው።

እኔም ያለብኝን ነገርኳቸው። ኤድስ ነው ብዬ ነበር የምኖረው አልኩ። ይህን ቃል ስለ ራሴ በአፌ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። አልቅሻለሁ፤ ይጻፍ። ሳጅን እጸገነት፣ ላብ ብቻውን ይህ ነው ያ ነው አያሰኝም፣ ቁርጡን የሚናገረው የደም ምርመራ ነው አለችኝ። አይናለም ደግሞ እጄን ይዛ «ሐኪሟ እኔንም መጀመሪያ ያዘዘችኝ እሱን ነበር። ብቻዬን ሄጄ፣ ውጤቱን እስኪነግሩኝ የሚይዘኝ ሰው አጥቼ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። አንቺ ብቻሽን አትሄጂም፤ ነገ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ። የታገልኳት ሴት ናት እንዲህ የምትለኝ።

ስለዚህ የከሳሽ ምስክር ሆኜ ብመጣም የምለምነው ይህን ነው። የመስታወቱን ዋጋ እኔና እሷ እናዋጣለን፤ ለአቶ ደጋጋም ነግሬዋለሁ። መድኃኒቷ ይመለስላት። ዛሬ ወደ ቤቷ ትሂድ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ልጄን የምነግራት አውቄ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ራሴን አውቀዋለሁ፣ ብቻዬን ከሆንኩ ከምርመራው ደጅ እመለሳለሁ። እሷን ካሳደራችኋት ነገ የምሄድበት እግር የለኝም።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልኩት ሁሉ የሆነው ነው፤ የጨመርኩበትም የደበቅኩትም የለም።

የምስክር ፊርማ፦ ጀማነሽ ተከስተ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ኮንስታብል ምንዳዬ ፍቅሬ