ለሚን ያከበሩበት ቀን

እኛ ፖሊስ በነበርንበት ዘመን እኮ፣ ልጆቼ፣ ባልደረባ ሲሞት አዛዡ ራሱ ሬሳውን ይሸከም ነበር፤ ይሸከም ነበር ነው የምላችሁ! ድንኳን ገብቶ ምንጣፉ ላይ ከእናትየው ጎን ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ይቆረጥማል፣ የሟቹን ስም እየጠራ ያለቅሳል። ሰንዳፋ ስንሠለጥን የተነገረንም ይኼው ነበር፤ «አንተ ብትወድቅ ቤትህ አይወድቅም» ነበር የሚሉን። ታዲያ ይህን አምኜ ጡረታ ወጣሁ፣ እና እዚሁ ሱሉልታ ተቀመጥኩ፣ እና የለሚን ነገር አየሁ። ምነው ባላየሁ!

ለሚ የጎረቤቴ የአዴ ብርቄ ልጅ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው አክባሪ። ሾፌር ሲቀጣ እንኳ «አካም፣ ወንድሜ፣ ቤተሰብ ደህና?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሾፌሮቹ «ይኼ ሰውዬ ሰላም እያለ ነው የሚቀጣን» ይሉ ነበር።

ያን ቀን ቁልቁለቱ ግርጌ ቆሞ ተማሪዎች ያሻግራል። እኔ ማዶ ሱቅ በር ላይ ነኝ። ታዲያ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ፍሬን እምቢ ብሎት ከላይ መጣ፤ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እየነፋ። ሁሉም ሸሸ። ሁለት ሕፃናት ግን አስፋልቱ መሃል ደርቀው ቀሩ። ለሚ መሸሽ ይችል ነበር እኮ! እሱ ወደ መኪናው ሮጠ፣ እና አንዷን ገፈተራት፣ ሌላዋን አንስቶ ወረወራት። እነሱ ተረፉ። እሱን… እሱን ከጎማው ሥር እኛ አወጣነው። በእነዚህ እጆቼ።

ሰነባብቶ «ጀግናችንን እናከብራለን» ተባለ። ድንኳን ተተከለ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። አዴ ብርቄን ወስደው የት አስቀመጧት? ከኋላ! እኔም «ኧረ እናቱ ናት!» ብል አስተባባሪዋ ልጅ «አባባ፣ የፊቱ ወንበር ለእንግዶች ነው» አለችኝ። ለእንግዶች!

የክብር እንግዳው አርፍዶ መጣ፣ እና ማይኩን ይዞ እንዲህ ድምፁን ጎርነን አደረገና «ጀግናው ኮንስታብል ለማ…» ሲል አዴ ብርቄ ብድግ አለች።

«ኢልመ ኮ! ልጄ ለማ አይደለም፤ ለሚ ነው!»

ሰውዬው ፈገግ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይቅርታ እናቴ፣ ያው ነው።» ያው ነው! ሰማችሁ?

እሷ ግን አልተቀመጠችም። «ሐውልት እናቆምለታለን ብላችኋል፤ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ። እኔ የምለምናችሁ ሌላ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ መኪና የሚያዘገይ ጉብታ ሥሩልኝ። ነገም የሰው ልጅ እዚያ መቆሙ አይቀርም» አለች። ተጨበጨበ። እንግዳውም ዓይኑን ጠረግ ጠረግ አደረገና «ወዲያውኑ ይሠራል!» አለ።

ሐውልቱ ተሠራ። ጉብታው አልተሠራም። ሄደን ብንጠይቅ «በጥናት ላይ ነው»። ደግመን ብንሄድ «በጥናት ላይ ነው»። ታዲያ እኛው የሰፈር ሰዎች ድንጋይና አፈር ተሸክመን ጉብታ ሠራን። በማግስቱ ዶዘር መጥቶ ጠረገው፤ «ያለ ፈቃድ መንገድ መዝጋት ወንጀል ነው» ተባልን። መኪና አስቁሞ በዶዘሩ ያስጠረገው ማን መሰላችሁ? በለሚ ቦታ የተተካው ትራፊክ። ታዝዞ ነው፤ ምን ያድርግ? ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም።

ሐውልቱን ደግሞ ያቆሙት ሰው በማያየው በፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። ለሙት ዓመቱ አዴ ብርቄ አበባ ይዛ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። በሩ ላይ አዲስ ጠባቂ አለ።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እናቴ?»

«ልጄን ነው። ለሚን።»

«የትኛው ክፍል ነው የሚሠራው?»

አዴ ብርቄ አበባውን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ከዚያ ቀስ ብላ «እዚያ ግቢው ውስጥ ቆሟል» አለችው።

«እንግዲያው ይደውሉለትና ይውጣ!»

ሳቅሁ፣ ልጆቼ። ምን ላድርግ? እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እዚያ በር ላይ ቆሜ እስቃለሁ።

«እና አስገቧት፣ ኦቦ ታደሰ?» ትሉኛላችሁ።

አስገቧት እንጂ። ፈትሸዋት።