በአበረ ጋሪ ላይ ያልገባኝ ወሬ

ክቡራትና ክቡራን፤

ኃላፊያችን ጓድ ገሠሠ ንግግሬን «ጓዶች» ብዬ እንድጀምር መክረውኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንዴ ጡረታ ወጥቻለሁና እስቲ ዛሬ እንዳሻኝ ልጀምር። ይህን አዳራሽ ላዘጋጃችሁልኝ፣ ከእንጅባራ በጭነት መኪና ተሳፍራችሁ ለመጣችሁ ሰልጣኞቼ፣ ይህንን ጋቢ ላለበሳችሁኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ እስክገባ ያሞቀኛል፤ ከዚያ በኋላም ዳንግላን ያስታውሰኛል።

ወደዚህ አውራጃ ስመጣ የቤተሰብ ምክር የሚባል ሥራ አዲስ ነበር። ሰዉ «እቺ ሴትዮ ምን ትሸጣለች?» ይባባል ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የተማርኩትን ይዤ መጥቻለሁ፤ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ በየተራ ይናገራሉ፣ ይታረቃሉ። ሲሉት ያምራል አይደል? አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። ለመሆኑ የሚጣሉት በየትኛው ቋንቋ ነው?

የክንዴንና የማናለብሽን ነገር ላውራችሁ። አትደንግጡ፣ አስፈቅጃቸዋለሁ፤ ሁለቱም ያው ከኋላ ተቀምጠዋል። ክንዴማ «ስሜን በድምፅ ማጉያ ይጥሩት፣ ብቻ አጥፊው እሱ ነው አይበሉ» ብሎኛል። አልልም ክንዴ፣ አይዞህ።

ክንዴ በውትድርና ብዙ አገር ያየ ሰው ነው። አማርኛው ውሃ ነው። ቢሯችን ሲገባ ወንበሩን ይስባል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «በመጀመሪያ ደረጃ» ብሎ ይጀምራል። ማናለብሽ አጠገቡ ትቀመጥና ነጠላዋን እስከ አፏ ታመጣለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ስንላት «እሺ» ትላለች። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ ፊደል መቁጠርና ሆድን መናገር ግን ለየቅል ናቸው። አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው።

እኛም «እሺ» ካለችማ ታረቁ ብለን በደስታ እንሸኛቸዋለን። ብዙም ሳይቆይ ማናለብሽ ልጇን ይዛ አዲስ ቅዳም ከተማ አባቷ ቤት ገባች ይባላል። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ትመለሳለች፣ እኛ ዘንድ ይመጣሉ፣ «እሺ» ትላለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ጓድ ገሠሠ «ይቺ ሴት ጸባይ የላትም» ብለው ነበር። አሁን አይሳቁ፣ ብለዋል! ክንዴም «የሚቀጥለው ፍቺ ነው» ብሎ ቁርጡን ነገረን።

አንድ የገበያ ቀን ታዲያ የአበረ ጋሪ ላይ ተሳፈርኩ። እኔ ከፊት ከነጂው ከአበረ ጎን፣ ክንዴና ማናለብሽ ከኋላ፣ ጀርባ ለጀርባ። ሰላምታ ተለዋወጥንና መንገድ ጀመርን። ከዚያ ማናለብሽ በአገውኛ ተናገረች። ደግሞ እንዴት ያለ አነጋገር! ከገበያው እስከ ወንዙ ድረስ አላቋረጠችም። መሃል ላይ ሳቀች፣ መሃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ዘወር ብዬ ክንዴን አየሁት። ያ «በመጀመሪያ ደረጃ» ባይ ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ አንዲት ቃል ብቻ ይመልሳል። ቋንቋውን ባላውቀውም ያቺን ቃል አውቃታለሁ፤ «እሺ» ነበረች።

አበረን ጎሸም አደረግኩና «ምን እያለችው ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ እኔ የምነዳው ፈረስ ነው» አለኝ።

ልክ ነበር፤ የሰው ገበና ነው። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ጥያቄው አልለቀቀኝም። አንዲት ሴት በአንዱ ቋንቋ ዝምተኛ፣ በሌላው ጠበቃ የምትሆነው እንዴት ነው? እውነተኛዋ የቷ ናት? ክንዴስ የቱ ነው?

ስሜነህ ያኔ ገና አዲስ ምክር ሰጪ ነበር። የአዲስ ቅዳም ልጅ ሆኖ ቢሮ ውስጥ አገውኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «በሚቀጥለው አንተ በአገውኛ ጀምርላት» ስለው አንገቱን አከከ።

«እትዬ፣ ቢሮ ውስጥ?»

«ታዲያ ደጅ ላውጣችሁ?»

ደንብ አበጀን። ማናለብሽ በአገውኛ ትናገራለች፣ ክንዴ ያለችውን በአማርኛ ይነግረኛል፣ ስሜነህ ይመሰክራል። እሷ ተናግራ ስትጨርስ ክንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። «በመጀመሪያ ደረጃ...» አለና ቆመ።

«ልጄን ወሰድክብኝ ነው የምትለው» አለኝ። «ልጅቷን በአማርኛ ካልሆነ እንዳታናግሪያት አልከኝ። እኔ አማርኛ የለኝም፣ ስለዚህ ዝም አልኩ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። አባቴ ቤት የምሄደው ከልጄ ጋር ለማውራት ነው፤ ይኸው ነው ያለችው።»

ስሜነህን አየሁት። «ልክ ነው» አለ፤ እሱም ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

ክንዴ ያን ጊዜ እኔን ትቶ ወደ እሷ ዞረ። የተባባሉትን ስሜነህ ነው የነገረኝ። «ጦር ሰፈር አማርኛ ልናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይስቁብኝ ነበር። በልጄ እንዳይስቁባት ብዬ ነው» አላት። ማናለብሽ ምን ብላ መለሰች መሰላችሁ? «ባንተ የሳቁብህ ሰዎች እኔ ቤት ምን ያደርጋሉ?»

ከዚያ ወዲህ አባቷ ቤት የምትሄደው ለጥየቃ ነው። ልጅቷም ዛሬ በሁለቱም ቋንቋ ትጨቃጨቃለች፤ ክንዴ በዚህም አቤት ብሎኛል።

ሰልጣኞቼ፣ በመጀመሪያው ቀን ስሜነህ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ በአገውኛ ያስተማራችሁ ለምን እንደነበር ገባችሁ? ግማሻችሁ እየተጠቃቀሰ ይስቅ ነበር፣ ግማሻችሁ ወለል ወለሉን ያይ ነበር። «ምን ተሰማችሁ?» ስላችሁ አንዷ «ደደብ የሆንኩ መሰለኝ» አለችኝ። ያን ቀን ሌላ ትምህርት አልጨመርኩም።

ሁሉም ገብቶኝ አልሄድም። በአገውኛ ያለቀሰ ሰው ያንኑ ኀዘን በአማርኛ ሲነግረኝ ለምን ዓይኑ ይደርቃል? በአማርኛ የተቆጣ አባት ለይቅርታ ሲሆን ለምን ወደ አገውኛ ይመለሳል? ጠይቄ አልጠገብኩም። እናንተ ድረሱበትና መልሱን ላኩልኝ።

ጓድ ገሠሠ፣ ስሜነህን በእኔ ወንበር ለማስቀመጥ ወስነዋል፤ እሰየው። ግን ደግሞ «የቢሮ ሥራ በአማርኛ ብቻ ይሁን» የሚል ነገር ሰምቻለሁ። አደራዎን! ማናለብሽን ዳግመኛ ወደ «እሺ» አይመልሱብኝ።

ቆይ፣ ቆይ። እኔ ይህን ሁሉ ስለፈልፍ፣ እናንተም ስትስቁ፣ ማናለብሽን ያያት አለ? ስሟ ሲጠራ ቀና እያለች፣ ነጠላዋን እስከ አፏ አምጥታ ተቀምጣለች። የምናወራው ስለ እሷ ነው፤ የምንለው ግን አይገባትም። ዛሬም፣ በእኔው ስንብት!

ስሜነህ፣ ና እዚህ ቁም። ያልኩትን በሙሉ ንገራት፣ የተሳሳትኩት ካለም አርመኝ። ማናለብሽ፣ ነይ እህቴ፣ ወደ ፊት። ሰምተሽ ስትጨርሺ ደግሞ በራስሽ ቋንቋ መርቂን። እኔ ያንቺ ቦታ ሄጄ እቀመጣለሁ።

የእኔ ምርቃት አጭር ነው። ትዳራችሁ ይባረክ፤ ልጆቻችሁ በሚያውቁት ቋንቋ ሁሉ «እማዬ፣ አባዬ» ይበሏችሁ፤ በሄዳችሁበት የሚሰማችሁ ሰው አትጡ። የቀረውን እሷ ትጨርሰው። የማይገባችሁ ካላችሁ ከእኔ ጋር ዝም ብላችሁ አድምጡ፤ አሜን የምንልበትን ስሜነህ ያሳየናል።